እሳቱን ወደፊት ግፋው

ሻርጃ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ አትጠገብ
ዲላ

የጌታ ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዝናቡስ ለቀቀ? እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ በረድ ማለት ስለጀመረ ከሥራ ስንገባ እንደ ሰው እንተኛለን።

ደጋግሜ ስደውል «አይሰማም፣ አይሰማም፣ ኔትወርኩ ነው» እያሉ ስለዘጉት እንደ ድሮው በብዕር ልጻፍ ብያለሁ። የጻፍኩትን ፎቶ አንስቼ ጊቢዎ ውስጥ ለተከራየችው ተማሪ ለሩሃማ በስልኳ እልካለሁ። እርስዎም ጽፈው ይስጧት፤ በዚያው መንገድ ትመልስልዎታለች።

ዛሬ የምጽፈው ላስቸግርዎ ነው። የምሠራበት ጋራዥ የስፖርት መኪናዎችን ጉልበት የሚጨምር ነው። እስካሁን የእኔ ድርሻ መፍታትና መግጠም ነበር። ሞተሩን በኮምፒውተር የሚያስተካክለው ሰውዬ ባለፈው ወር ጠቅልሎ አገሩ ገባ። የጋራዡ ባለቤት ሀጂ ሙስጠፋ ጠራኝና «ሁልጊዜ ከኋላው ቆመህ ታይ ነበር፤ እስቲ ይቺን መኪና አንተ ጨርሳት» አለኝ። ከጨረስኳት በሜካኒክነት ይፈርምልኛል። ካልሆነ ታኅሣሥ ሲያልቅ የመኖሪያ ፈቃዴም ያልቃል፤ ለቁልፍ አቀባይ ፈቃድ አላሳድስም ብሏል። ሞተሯን ባቃጥላት ምን እንደሚሆን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ናት። ሞተሯ ላይ አየር በግድ የሚግታት ሱፐርቻርጀር የሚሉት ማሽን ተገጥሞላታል። የምትጠጣው ደግሞ ቤንዚን ሳይሆን በበርሜል የሚመጣ ኤታኖል ነው፤ አልኮል ይበሉት። መጀመሪያ ቀን ሳስነሳት ከኋላዋ የወጣው ሽታ የመንደራችንን የሬኮን የቡና ማጠቢያ ገንዳ አስታወሰኝ፤ ያደረ ቡና ሲቦካ የሚሸተውን። ዞር ብዬ እናቴን የምፈልግ መሰለኝ።

የነዳጁን መጠን የበፊቱ ሰውዬ አስተካክሎ ሄዷል። የቀረው የእሳቱ ሰዓት ነው፤ ካንዴላው መቼ እሳት ይትፋ የሚለው። ባለቤትዎ ጋሽ ሰብስቤ በሕይወት ሳሉ በእጃቸው ያዞሩት የነበረው ነገር እዚህ በኮምፒውተር ላይ ቁጥር ሆኗል። መመሪያው እንግሊዝኛ ነው። የስልኩን ተርጓሚ ሞክሬው ነበር፤ ሞተሩ ሲያንኳኳ የሚለውን «እንግዳ በር ሲያንኳኳ» ብሎ አመጣልኝ። እርስዎ በመዝገበ ቃላት እንግሊዝኛ እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ ከጋሽ ሰብስቤ ጋርም ሞተር ሲያዳምጡ ነው የኖሩት። ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ሌላ ሰው የለኝም። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቢከብድዎት ይተዉት።

ጌታ ይጠብቅልኝ።

የእህትዎ የሙሉወርቅ ልጅ
ሚሊዮን


ዲላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚሊዮን

በሄድክበት ሁሉ የጌታ እጅ ይቅደምህ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ አልለቀቀም ግን ሰልችቶታል፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብቅ ብሎ ይሄዳል። ከይርጋጨፌ የሚመጡት መኪኖች ቡና መጫን ጀምረዋል። ጋራዡን የተከራየው አብዲሳ ከጠዋት እስከ ማታ ባጃጅ ያስነሳል፤ ዘንድሮ እንደ ድሮው አይረብሸኝም።

ሌላው ሰው ውጭ ያለ ዘመዱን ብር ላክልኝ ይላል። እኔ ግን ሌላ ገጽ ላክልኝ እላለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቀኝ። የሰብስቤን መዝገበ ቃላት ከሳጥን አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩ። ለጸሎት ቤቱ ዘበኛ ለአቶ ፈለቀ ነገሩን ባወራው «መኪናው ይጠጣል? ታዲያ ሚሊዮን ንስሐ ያስገባው እንጂ ያጠጣዋል?» አለኝ። ሳቄን አላስጨረሰኝም፤ «ስንት ይጠጣል?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።

ከሰብስቤ ጋር እንዴት እንሠራ እንደነበር ታስታውሳለህ። በኋለኛው ዘመን የመዶሻው ጩኸት ጆሮውን ጎድቶት ስለነበር እሱ እሳት አከፋፋዩን በእጁ ያዞራል፤ እኔ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብዬ አዳምጣለሁ። ደረቅ ቡና ቆርቆሮ ላይ ሲፈስ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ስሰማ ጣቴን አነሳለሁ። እሱ ትንሽ መለስ አድርጎ ያስረዋል። አልቋል። በቃል የተባባልነው ነገር አልነበረም፤ እሱ ያዞራል፣ እኔ ጣቴን አነሳለሁ። ስለዚህ አሁን ለእያንዳንዱ ነገር ቃል መፈለግ ነበረብኝ።

መመሪያው ደጋግሞ የሚለው አንድ ቃል አለ፤ አድቫንስ ይላል። መዝገበ ቃላቱ «ወደፊት መግፋት» ብሎታል። ሩሃማ ሂሳብ አያያዝ ስለምትማር «አንቺ ደግሞ፣ አድቫንስ እኮ ቅድሚያ ክፍያ ነው» አለችኝ። «ይሄ ሂሳብ አይደለም፣ መኪና ነው» ብዬ ወደ ደብተሯ መለስኳት። (ይቺ ልጅ ገና በመጣች በወሯ ነው አንቺ ማለት የጀመረችው። ደፋር ናት። አልከፋኝም።)

ስለዚህ ዋናው ነገር እንዲህ ይላል። «ኤታኖል ከቤንዚን ይልቅ ታጋሽ ነው። ስለዚህ እሳቱን ቤንዚን ላይ ከነበረበት ወደፊት ግፋው። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ግፋው።» የቀሩትን ገጾች ገና እያነበብኩ ነው፤ የሚቀጥለው ከባድ ነው። በዚህ ግን መጀመር ትችላለህ።

ራስህን ጠብቅ። ምሳህን ሳትበላ ሞተር ላይ አትጎንበስ።

አክስትህ
አትጠገብ


ሻርጃ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ አትጠገብ

ሰላምዎ ይብዛ። በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶ ነው እንጂ ደህና ነኝ።

የጻፉልኝን አነበብኩ። እጅዎ አይጥፋ። እንዳሉት እሳቱን ወደፊት ገፋሁት። በመጀመሪያው ቀን ጉልበቷ ትንሽ ቀነሰ። ምናልባት አልኮል ስለሆነ ነገሩ የተገለበጠ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይነሳላታል ብዬ ደግሜ ገፋሁት። ይበልጥ ቀነሰች። በሦስተኛው ጊዜ ከሞተሩ የሚወጣው የጭስ ቧንቧ እንደ ከሰል ፍም ቀላ። ቶሎ አጠፋኋት።

የመኪናዋ ባለቤት ራሺድ የሚባል ወጣት ነው። ሊያያት መጥቶ ነበር። አንዴ ዞር አድርጓት መጣና «የእናቴ ሹፌር በአሮጌው ፒክአፕ አለፈኝ» አለ። ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። ሀጂ ሙስጠፋ አልሳቀም። «ሚሊዮን፣ ወሩ እየሄደ ነው» ብቻ አለኝ።

ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። እርስዎ የጻፉት ልክ ነው፤ እኔ ነኝ በደንብ ያልገባኝ። ሞተሯ አልተጎዳችም። ወደ ድሮው ቦታ መልሻታለሁ። የቀሩት ገጾች ካለቁ ይላኩልኝ፤ ካላለቁም ግድ የለም።

ለእኔ አያስቡ። ደህና ነኝ።

ሚሊዮን


ዲላ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚሊዮን

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ነገሩ ልግባ፤ ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የአንተ አይደለም። የእኔ ነው።

ደብዳቤህን ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። መዝገበ ቃላቱን ደግሜ ባየው ያው «ወደፊት መግፋት» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት የሴቶች ጉባኤ ነው ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ጸሎት ቤት ሄድኩ። አዳራሹ ባዶ ነው። ወንበር እንኳ አልተዘረጋም። አቶ ፈለቀ በሩ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«እትዬ፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«ጉባኤው የታለ?»

«ወደፊት ተገፍቷል እኮ። እሁድ በማስታወቂያ ተነግሯል፤ እርስዎም ከፊት ተቀምጠው ነበር።»

«ወደፊት ማለት መቼ?»

«ወደፊት ነዋ። ከፋሲካ በኋላ ይሁን ከዚያ በኋላ፣ እኔ ምን አውቄ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አቶ ፈለቀ የደከመኝ መስሎት ሸንኮራውን ገምሶ ሰጠኝ። እኛ ቀጠሮ ወደፊት ተገፋ ስንል ዘገየ ማለታችን ነው። እንግሊዞቹ ግን ወደፊት ሲሉ ቀደመ ማለታቸው ነው። እሳቱን አስቀድመው ሊሉህ ፈልገው ነበር፤ በእኔ እጅ ሲያልፍ አዘግየው ሆነ። አንተ ታማኝ ልጅ ነህና አዘገየኸው፤ ቧንቧው ፍም እስኪመስል ድረስ።

ሰብስቤ አንድ ነገር ይል ነበር። ካንዴላው እሳት መትፋት ያለበት ፒስተኑ ሽቅብ መጥቶ አናት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው። በጣም ከቀደመ፣ የሚመጣውን እንግዳ በር ላይ በጥፊ እንደ መምታት ነው። ከዘገየ፣ የሄደውን እንግዳ ከኋላ እየሮጡ እንደ መሸኘት ነው፤ አይደረስበትም፣ ትንፋሽ ብቻ ያልቃል። የአንተ እሳት ሮጦ ሮጦ ቧንቧ ውስጥ ነው የነደደው።

ስለዚህ ቃላችን ከዛሬ ጀምሮ አስቀድመው እና አዘግየው ይሁን። ወደፊት የሚለውን ሰርዘው። ሩሃማ አልሳቀችብኝም። ራት ላይ ብቻ «የዚህን ወር ኪራይ አድቫንስ ልክፈልሽ ወይስ ወደፊት ልግፋው?» አለችኝ። ይገባኛል።

አሁን ከባዱ ገጽ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሩሃማም በዚህኛው አብራኝ አንብባለች፤ ተስማምተናል። እንዲህ ይላል። «ቤንዚን ላይ እሳቱ ከልክ በላይ ሲቀድም ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሰሚውን ያስጠነቅቀዋል። ኤታኖል ግን ሳያንኳኳ ከልክ ያልፋል። ስለዚህ ድምፅ አትጠብቅ። የጉልበቱን ቁጥር ተመልከት። እሳቱን ስታስቀድም ጉልበቱ ከጨመረ ገና ነው። አስቀድመህ ጉልበቱ ካልጨመረ ደርሰሃል፤ መለስ በል። ድምፅ አለመኖሩ ሞተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ዝም ብሎ ሊሰበር ይችላል።»

የእኔና የሰብስቤ ዘዴ እዚህ አይሠራም ማለት ነው። ጣቴን ለማንሳት ድምፅ ስጠብቅ ሞተሩ ያልቅ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱን አየሁት፣ ተመለስኩ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር። ይቅር። መጀመሪያ መኪናዋን ጨርስ።

ቶሎ ጻፍልኝ።

አክስትህ
አትጠገብ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚሊዮን

ጌታ ካለህበት ያቆይህ። ያለፈው ደብዳቤዬ ስልኩ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ነው ያለው ትላለች ሩሃማ፤ ሁለት ካልሆነ አልደረሰም ማለት ነው። በየቀኑ ከትምህርት ስትመለስ ፊቷን አያለሁ። «ያው አንድ ነው» ትላለች። አሁን ሳልጠይቃት ከበሩ ጀምራ አንድ ጣቷን አንስታ ታሳየኛለች።

ይቺን የምጽፈው ቀዳሚዋ ከጠፋች ብዬ ነው። አጥብቀህ ያዝ፦ እሳቱን አስቀድመው፤ አታዘግየው። ጉልበቱ መጨመር ሲያቆም አንተም አቁም። ድምፅ አትጠብቅ።

ሌላ የምነግርህ ብዙ የለም። ሬኮ ሄጄ የሙሉወርቅን መቃብር አይቼ መጣሁ፤ አጥሩን ሰዎቹ አድሰውታል። እናትህ አንተን ይዛ ዲላ የመጣችበትን ቀን በመኪናው ውስጥ ሳስታውስ ነበር። ያንተ ሸሚዝ አዲስ ነበር፤ የእሷ ጫማ ግን የተበደረችው ነበር። የተናገረችው አንድ ቃል ነበር። አንተም ሰምተኸዋል።

ባለፈው ደብዳቤህ ደህና ነኝ የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፈኸዋል። ድሮ አንድ ጊዜ ነበር የምትጽፈው።

አክስትህ
አትጠገብ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ አትጠገብ

እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረስዎ።

ስልኬ ከደረት ኪሴ ሾልካ ኤታኖል በርሜል ውስጥ ገባች። አቶ ፈለቀን ጠጪዋ ስልኬ እንጂ መኪናዋ አይደለችም ይበሉልኝ። አሮጌ ስልክ ፈልጌ ስከፍት ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ አንድ ላይ ገቡ። ሀጂ የሰጠኝ የመጨረሻ ቀጠሮ ሊደርስ ጥቂት ቀን ነበር የቀረኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ያሉበትን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሚስት የተገኘልኝ መሰላቸው።

መኪናዋ ቆማ ጎማዋ ብቻ የሚሮጥበት ማሽን አለ፤ ጉልበቷን በቁጥር ያሳያል። እዚያ ላይ አሰርናት። ሀጂም ራሺድም መጥተው ቆሙ። እሳቱን ጥቂት አስቀደምኩት። ጉልበቷ ተነሳ፤ ያውም ብዙ። ራሺድ ማጨብጨብ ጀመረ። ደግሜ አስቀደምኩት፤ ጨመረች። ደግሜ፤ ትንሽ ጨመረች። ደግሜ አስቀደምኩት። ቁጥሩ እዚያው ቆመ።

ጆሮዬን ሰጠኋት። ደረቅ ቡና የለም፣ ቆርቆሮ የለም። እንደዚያ ለስላሳ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«ጨምርላት እንጂ» አለ ራሺድ። «ምን አለችህ?»

«ምንም አላለችም።»

«ታዲያ ጨምርላታ።»

ሀጂም ጠጋ አለኝ። «አላንኳኳችም እኮ ሚሊዮን። ፈራህ እንዴ?»

እጄ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። መጨመር እንዴት ቀላል እንደነበር። አንድ ጣት ነው። ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር፤ እኔም ፈሪ አልባልም።

«ዝም ያለችው ስለቻለችው አይደለም» አልኩት። በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት አላውቅም፤ ብቻ ሀጂ ቀና ብሎ አየኝ። እሳቱን መለስ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁት። ራሺድ እጁን አወናጭፎ ወጣ። ሀጂ «ካንዴላዎቹን ፍታቸው» አለ። ፈታኋቸው። ሀጂ አንዱን ወስዶ መነጽሩን አውልቆ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው። የሙቀቱ ጠባሳ የመጨረሻው ልክ ድረስ ወርዶ ነበር፤ ያኔ ነው ራሺድን የጠራው። «አንድ ቢጨምርልህ ኖሮ፣ ዛሬ ሌላ ሞተር ትገዛ ነበር» አለው። ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ሜካኒክ ይላል። ፈርሟል።

አሁን ልቆጣዎት ነው። ለቁጣ ደግሞ እርስዎ ስለማይመች አንቺ ልበልሽ።

ኔትወርክ አይደለም። ጆሮሽ ነው። ሰው ሁሉ የሰማውን ማስታወቂያ ከፊት ተቀምጠሽ ያልሰማሽው ለዚህ ነው። አብዲሳ አይረብሸኝም ያልሽው ለዚህ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው? ሞተር ስታዳምጪልን የኖርሽው አንቺ፣ ለእኔ ግን «ኔትወርኩ ነው» ትያለሽ። ሐኪም ሳታዪ ሌላ ገጽ አልክልሽም።

ሁለተኛው። ወደፊት የሚለውን ቃል የተረዳሁት በስህተት አይደለም፤ ከአንቺ አፍ ነው የተማርኩት። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ለሚኒስትሪ ፈተና ፎቶ ተነስቼ ነበር። ጋሽ ሰብስቤ ረዳታቸው ሄዶባቸው ከትምህርት ቤት ስታስቀሩኝ «ትምህርቱ ወደፊት ይደርሳል» አልሽኝ። መስከረም በመጣ ቁጥር ጠበቅኩ። ስለዚህ እሳቱን ወደፊት ግፋው ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ አዘግየው፣ ምናልባትም ተወው ማለትሽ መሰለኝ። መመሪያውን ራሴ ያላነበብኩትም ትምህርቱ በዚያው ስለቀረ ነው።

ያኔ ዝም ያልኩት ተስማምቶኝ አይደለም። ከፍቶኝ ነበር። ያንን ፎቶ ጋሽ ሰብስቤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፈው «ሠራተኛችን» ሲሉ ደንበኛው ሁሉ ይስቅ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ስስቅ ታዪኝ ነበር።

«ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር፣ ይቅር» ያልሽው ይሄ ከሆነ፣ መልሱ ይኸው ነው። አልተጣላሁሽም። ብጣላሽ ኖሮ በእርስዎ እቀጥል ነበር።

ሚሊዮን


ዲላ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚሊዮን

ጌታ የእጅህን ሥራ ባረከ፤ ስሙ ይመስገን። ፊርማውን በሰማሁ ጊዜ ተንበርክኬ ነው ያመሰገንኩት፤ ጉልበቴ ስንት ቀን እንደተቀየመኝ አልነግርህም።

ደብዳቤህ የመጣ ቀን ሩሃማ እንደ ልማዷ ስልኩን ይዛ ላንብብልሽ አለችኝ። ግማሽ ድረስ አንብባ አቆመች። ስልኩን ቀማኋትና ጓሮ ይዤው ወጣሁ። አንቺ ከሚለው ጀምሬ እስከ መጨረሻው ብቻዬን አነበብኩት። እኛ ቤት በኖርክበት ዘመን ሁሉ እርስዎ ስትለኝ አንድ ቀን ይለውጠው ይሆናል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ለምን አንቺ አትለኝም ብዬ ግን ጠይቄህ አላውቅም። እኔም ዝም ብዬ ኖርኩ።

ከፍቶኝ ነበር ላልከኝ መልስ ፈልጌ ነበር። ሰብስቤ ረዳት አልነበረውም፣ ጊዜው ከባድ ነበር ማለት እችላለሁ፤ እውነትም ነው። አንተ ግን ምክንያቱን አልጠየቅከኝም። ሙሉወርቅ አስተምሪልኝ ብላ ሰጠችኝ፤ አላስተማርኩህም። ስትስቅም አይቼሃለሁ። ሳቁ በቃኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላዳመጥኩም።

ጆሮዬን ሐኪም አየልኝ። ሩሃማ ነች የወሰደችኝ፤ እዚያም ለሐኪሙ «አትሰማም ግን ትከራከራለች» አለችው። አንደኛው ብዙ አይመለስም፤ ሌላው በመሣሪያ ይረዳል ብሏል። ይኸው ሳልደብቅ ጻፍኩልህ። የአንተን ቁጣ ግን ያለ መሣሪያ ሰምቼዋለሁ።

ከሐኪም ስመለስ አብዲሳ ጋ ገባሁ። ፎቶህ አሁንም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ጠርዙ ዘይት ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል እንጂ ፊትህ ደህና ነው። ግድግዳውን ቀለም ሲቀባ በዙሪያው አልፎት ነው የቀባው። ለምን አላነሳኸውም አልኩት።

«የእርስዎ ልጅ መስሎኝ» አለኝ።

ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። አንደኛውን ስላልሰማሁ፤ ሁለተኛውን ስለሰማሁ።

ፎቶውን በቢላ ጫፍ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሩሃማ ፎቶውን በፎቶ ትልክልሃለች። ዋናውን መጥተህ ትወስደዋለህ።

የሴቶቹ ጉባኤ አሁንም ቀኑ አልታወቀም። አቶ ፈለቀ ባገኘኝ ቁጥር በሁለት እጁ አፉን ከቦ «ወ-ደ-ፊት ነው!» ይለኛል፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየናል።

ሌላ ገጽ ላክልኝ፤ ሐኪም አይቻለሁና አትከልክለኝ። ግን ከዚህ በኋላ እንግሊዝኛውን ከላይ፣ አማርኛውን ከሥር እያደረግኩ ነው የምጽፍልህ፤ አንተም ከላይኛው ጀምረህ እያነበብክ ተከተለኝ። የከፋህ ሌላ ነገርም ካለ እንደዚሁ ጻፍልኝ። አስቀድመህ ንገረኝ፤ ወደፊት አትግፋው።

አትጠገብ